ጀግና የማያረጅባት ከተማ

እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ልጃችን ስንታየሁ ባለፈው ጥር አርባ ስድስት ስለደፈነች አባቷን በሃያ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። የሌላ አገር ሰው ከሆናችሁ አሮጊቷ ጃጀች ትሉ ይሆናል። አልጃጀሁም። በእኛ ከተማ ይህ በማኅተም የጸደቀ ነገር ነው፤ እንኮራበታለንም።

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ልታዩን ትመጣላችሁ፣ እኛ ደግሞ እንግዳ ሲበዛብን እንቅልፍ የለንም። በስተምሥራቅ በኩል አይደፈሬ የሚባል ኮረብታ አለን፣ ወይም ነበረን፤ እሱን እንደርስበታለን። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጠላት መጥቶ፣ ኮረብታውን ሦስት ወር በመድፍ ከደበደበ በኋላ ያዘውና ወደ ከተማው መተኮስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ አስር አለቃ ይርዳውና ጓደኞቹ ከታች ወደ ላይ እየሮጡ ወጡበት። የወጡት ብዙ ነበሩ፤ የወረዱት ጥቂት ናቸው። ጠላት ግን በዚያው ሄደ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

እኔ ያን ቀን ውኃ ከሚያቀብሉት ሴቶች ጋር ከሥር ነበርኩ። ይርዳው ሲወርድ አየሁት። ፊቱ ከል መስሏል፣ ሸሚዙ የለም፣ በእጁ የአብሮ አደጉን የሞገስን አንድ እግር ጫማ ይዟል። ውኃውን ስሰጠው መጀመሪያ ለቁስለኞቹ አሳለፈው። ይህን ሰው አገባዋለሁ ያልኩት እዚያው ቆሜ ነው፤ እሱ ገና ስሜን እንኳን አያውቅም ነበር።

በድሉ ግብዣ ላይ አንድ ሰው ብርሌውን አነሳና "ጀግና አያረጅም!" አለ። ማን እንደሆነ ዛሬም ሦስት ቤተሰብ ይጣላበታል። ጭብጨባው በረታ። የከተማው ሸንጎም እዚያው ተቀምጦ ሥጋ እየቆረጠ ስለነበር፣ ጭብጨባው ሳያባራ ሕግ አድርጎ አጸደቀው። ሌላ አገር ሰው ሞቅ ብሎት የተናገረውን ጠዋት ይረሳዋል። የእኛ ከተማ ቃሏን አክባሪ ናት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በአይደፈሬ የተዋጋ ሁሉ ዕድሜው በድሉ ቀን ላይ ቆመ፤ ይህን የሚከታተል የኩራት ጽሕፈት ቤትም ተከፈተ።

መጀመሪያ ማንም አልተቸገረም። ሃያ አራት ዓመት የሆነውን ሰው ሃያ አራት ነህ ቢሉት ምን ይጎዳል? አርባ ሲደፍን እንኳን ይርዳው ደስ ይለው ነበር። ነገር የመጣው ጉልበት ሲከዳ ነው።

የሃያ አራት ዓመት ሰው ምርኩዝ አይዝም። ስለዚህ የኩራት ጽሕፈት ቤት ለጀግኖቹ የባንዲራ ዘንግ አደለ፤ ጫፉ ላይ ባንዲራ እስካለ ድረስ ተደግፎ መሄድ ይፈቀዳል። ባንዲራ ሲያልፍ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት፣ ይርዳው ወደ ሽንት ቤት ብቅ ባለ ቁጥር ጎረቤቶቻችን ሥራ ይፈታሉ። የሃያ አራት ዓመት ሰው የዓይን መነጽር አያደርግም። የጦር ሜዳ መነጽር ግን ያምርበታል፤ ባለቤቴም ሽሮውን በጦር ሜዳ መነጽር አነጣጥሮ ነው የሚጎርሰው። የሬዲዮ ሠራተኛ የነበረችው ወታደር ብርቄ ጆሮዋ ሲደነቁር፣ ወሬ ስለማትሰማ በምስጢር ጠባቂነት ተሸለመች። ሻምበል ጓንጉል አንድ እግሩን ኮረብታው ላይ ጥሏል፤ በጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ግን ያ እግር ግዳጅ ላይ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ክራንች ቢጠይቅ "እግርህ የተመለሰ ቀን ምን ልታደርገው ነው?" አሉት።

ለቀለባቸው በየወሩ ከበሮ እየተመታ ኮቾሮ ይመጣል፤ ኮቾሮ ማለት ያ ደረቁ የወታደር ብስኩት ነው። ሃያ አራት ዓመት ሲሆናችሁ ጥርስ ይሰብራል። ጥርስ ከሌላችሁ ምንም አይሰብርም።

ከተማችን ለሽማግሌ ክፉ ናት እንዳትሉ! የአረጋውያን ማረፊያ አለን፤ እንደዚያ ያለ የትም የለም። አጥሚት አለ፣ ሙቅ ውኃ አለ፣ ወገብ የሚያሽ ሰው አለ፣ ዶክተር ትርሲት የምትባል እጇ የተባረከ ሐኪም አለች። እዚያ የሚገባው ግን ያረጀ ሰው ብቻ ነው። ጦርነቱን ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ያሳለፈው ጎረቤታችን አያ ካሳዬ ዓይኑ ላይ የወጣው ሞራ ተገፎለት ዛሬ መርፌ ላይ ክር ይሰካል። አልቀናሁም። እሺ፣ ቀንቻለሁ። እኔም አሮጊት ነኝና እየሄድኩ እታጠባለሁ፣ እታሻለሁ፤ ስመለስ አጥሚቱን በነጠላዬ ሸፍኜ ለይርዳው አመጣለታለሁ። ሕገ ወጥ ነው።

ለጀግኖች ደግሞ የራሳቸው ሐኪም አላቸው። የሚያክመው የሃያ ዓመት ሰው የሚያመውን ነው፦ ጥይት፣ ወለምታ፣ የፍቅር በሽታ። የይርዳው ዓይን መጋረድ ሲጀምር ዘንጉን አስይዤ ወሰድኩት።

"የት ላይ ነው የተመታው?" አለኝ ሐኪሙ።

"አልተመታም። ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል።"

"ሞራ የሽማግሌ ነው!" አለ፣ የሰደብኩት ያህል ደንግጦ። ከዚያ በባትሪ አየውና "የባሩድ ጭስ ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ይጠራል" አለ።

"ጦርነቱ ካበቃ እኮ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሆነው።"

"ታዲያ አሁን መጥራቱ ነው፤ አይዞዎት እማማ" አለኝ።

ከዚያ ዶክተር ትርሲትን በጓሮ በር ወደ ቤታችን ይዤያት ገባሁ። ይርዳውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና ወደ እኔ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማማ የውብዳር፣ ቀኙ አልቆለታል፣ አልዋሽዎትም። ግራው ግን ክረምቱ ሳይወጣ ከተገፈፈ ይተርፋል። ከዚያ ካለፈ እኔም ምንም አላደርግለትም።" እጇን ይዤ ስስማት፣ እንዲህ ሲሆን ፈቃድ ያስፈልጋል ብላ ወደ ኩራት ጽሕፈት ቤት ላከችኝ።

የኩራት ሹሙ አቶ መንበሩ ይባላል። የልጄ እኩያ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ጀግኖችን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ጀግኖቹ በሕግ ታናናሾቹ ስለሆኑም ሁሉንም አንተ ይላቸዋል።

"እንዴት አይፈቀድም እማማ! ማርጀት የማንም ሰው መብት ነው" አለኝ። "ወንድሜ ይርዳው አደባባይ ይውጣ፣ ሜዳሊያውን ይመልስ፣ ጀግና አልነበርኩም ብሎ ይፈርም። በማግስቱ አልጋ አለው።"

"ነበረ እኮ።"

"ሕጉ ግልጽ ነው። ጀግና አያረጅም። ያረጀ ሰው ጀግና አልነበረም።"

ቤት ገብቼ ለይርዳው ነገርኩት።  ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ሜዳሊያ ዞሮ ነበር፣ ግን እንደማያየው አውቃለሁ።

"አልፈርምም" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ብረት ነው! ዓይን ይሻልሃል ብረት?"

"ብረቱንስ ይውሰዱት። አልነበርኩም ብዬ ነው ወይ የምፈርመው? የውብዬ፣ ሞገስ ክንዴ ላይ ነው የወደቀው። እኔ እዚያ ካልነበርኩ፣ እሱ ከማን ጋር ነበር? ብቻውን ሞተ ልበል?"

ድስቱን ከድኜ ወጣሁና ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። ተናድጄ ነበር። ይህ ግትር እንደታወረ ይቅር ብዬም ነበር። ደግሞም፣ ለምን እደብቃችኋለሁ፣ ደረቴ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን ውኃውን ለቁስለኛ ያሳለፈው ሰው ያው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኮረብታው እንሂድ። በየዓመቱ በድሉ ቀን ጀግኖቹ እንደዚያን ጠዋት አይደፈሬን በሩጫ ይወጣሉ። ጫፉ ላይ ለወደቁት ጓዶች በሕይወት የተረፉት ያኖሩላቸው ድንጋዮች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። እያንዳንዱ ጀግና ወጥቶ የጓደኛውን ድንጋይ ይዳብሳል፤ ይርዳው የሞገስን በመሐሉ ባለው ስርጉድ ይለየዋል። እንግዲህ ጀግኖቹ እያደር መንገድ ላይ መቆም፣ ማለክለክ ጀመሩ። የዚያን ጊዜው የኩራት ሹም ይህን አይቶ አለቀሰ፣ ከዚያም ኮረብታው ትንሽ ዝቅ እንዲል አዘዘ። በእግዜር፣ ትንሽ ብቻ ነበር። በዓመቱ ትንሽ፣ በዓመቱ ትንሽ እየተባለ ቆፋሪ ተቀጠረ፣ የቆፋሪ አለቃ ተሾመ፤ ዛሬ ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የሚበዛው አካፋ ያዥ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ወንበር ከማቅረብ ተራራ ማፍረስ ቀለለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ቢሆንም ለጀግናው ሲል ተራራ የሚንድ ሕዝብ የት አለ? እስቲ ካለ ጥሩልኝ።

ቆፋሪዎቹ ድንጋዮቹን በአክብሮት እያነሱ ወደ አዲሱ ጫፍ ያወርዷቸው ነበር። ይርዳውም በየዓመቱ ቤት ሲገባ "የውብዬ፣ ከአምናው ዘንድሮ ቀለለኝ እኮ" ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው? ዝም እል ነበር።

ዘንድሮ አይደፈሬ የጤፍ ክምር አክሎ ነበር። አቶ መንበሩ ደግሞ የመጀመሪያ በዓሉ ስለሆነ ማንም ጀግና እንዳይደናቀፍ ብሎ እሱንም አስተካከለው። ለክብር እንግዶች የሚሆን መድረክ ሲሠራም ድንጋይ አነሰው። ጫፍ ከሌለ ደግሞ የጫፍ ድንጋይ የት ይቀመጣል? ቆፋሪዎቹ መድረኩ ውስጥ ገነቧቸው።

ጥሩምባ ተነፋ። ጀግኖቹ ዘንግ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከተማው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይርዳው በተጋረደ ዓይኑ ፊት ፊት ሄደ፣ እኔ ከኋላው። ጥቂት እንደተራመደ መሬቱ ለጥ አለበት። ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለገ። ወደ ግራ ፈለገ፣ ወደ ቀኝ ፈለገ። ሰው ሁሉ ያየዋል።

"የውብዳር" አለ፣ "የሞገስ ድንጋይ የታለ?"

መዋሸት እችል ነበር። ዘንድሮ ግን የዓይኑ ነገር አላስዋሸኝም፤ ሕጉን አክብሬ ዝም ስል ያ ዓይን እየጠፋ ነው።

"መድረኩ ውስጥ ነው። አቶ መንበሩ ቆሞበታል።"

"ኮረብታውስ?"

"ኮረብታ የለም ይርዳው። እንዳይደክማችሁ ብለው በየዓመቱ ሲንዱት ኖረዋል። ዘንድሮ አለቀ።"

አቶ መንበሩ ከመድረኩ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ለክብራችሁ ነው ወንድሜ!" አለ። ከልቡ ነው።

ይርዳው ቀና አለ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ባንዲራውን ፈታ፣ አጠፈ፣ ለእኔ ሰጠኝ፤ ባዶውን ዱላ ተደገፈ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ስንኖር እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ጠላት ሦስት ወር በመድፍ ደብድቦ ከዚህ ኮረብታ አንድ ክንድ መቀነስ አልቻለም። እናንተ አከበርናችሁ እያላችሁ ጨረሳችሁት። ስሙኝ። አርጅቻለሁ።"

 አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በእጆቿ ደፈነች።

"ወንድሜ ይርዳው፣" አለ አቶ መንበሩ ደንግጦ፣ "እንዲህ ካልክ እኮ ጀግና አልነበርክም ማለት ነው!"

"ሕጋችሁ ልክ ነው ልጄ። ጀግና አያረጅም። የማያረጁት ግን እኛ አይደለንም፤ አንተ የቆምክባቸው ናቸው። ሞገስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ መቼም ሃያ አራት አይሞላውም። እነሱ የወደቁት የቀረነው እንድናረጅ ነበር፤ ልጅ ወልደን፣ ጥርሳችን ረግፎ፣ አጥሚት ጠጥተን። ማርጀት የተሰጠን ግዳጅ ነበር። ግዳጄን ፈጽሜአለሁ።"

ከዚያ ከኋላ ሻምበል ጓንጉል በአንድ እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመና እንደ ድሮው ስም መጥራት ጀመረ።

"አስር አለቃ ይርዳው!"

"አርጅቻለሁ!"

"ወታደር ብርቄ!"

አልሰማችም። ጎኗን ነካ አደረጓትና ገባት፤ "አርጅቻለሁ!" ስትል ሕፃናት በርግገው አለቀሱ። አንድ በአንድ ጠራቸው። አንድ በአንድ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ አርጅቻለሁ አሉ። የአንዱም እንኳን ድምፁ አልተሰበረም። ሻምበሉ መጨረሻ ላይ የራሱን ስም ጠርቶ ራሱ መለሰ። ያበቃ መስሎን ነበር።

"ሞገስ!" አለ።

ይርዳው "አላረጀም" አለ።

ኮፍያ ያለው ሁሉ አወለቀ። ሻምበሉ የወደቁትን ሁሉ ጠራቸው፣ የቀሩትም ተራ በተራ አላረጀም፣ አላረጀም እያሉ መለሱላቸው። እኔ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ በድሉ ቀንም ቢሆን። ከዚያ ጎተራ ውስጥ የነበረው አያ ካሳዬ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከመድረኩ ላይ የመጀመሪያውን ድንጋይ ነቀለ። ሕዝቡ ተከተለው፤ ድንጋዮቹንም ኮረብታው ወደነበረበት ይመልሷቸው ጀመር። አቶ መንበሩ የቆመበት እያለቀ ሲሄድ ወረደ፤ እሱም ሁለት ድንጋይ ተሸከመ። የራሱን ወንበር አምጥቶም ባለቤቴ ፊት አደረገና "አባባ ይርዳው፣ እባክዎን ይቀመጡ" አለው።

ባለቤቴ ተቀመጠ።

በማግስቱ ሸንጎው ተሰበሰበ። ሁሉም አልነበርንም ብለው ይፈርሙ ቢባል ከተማዋ ያለ ጀግና፣ ጽሕፈት ቤቱም ያለ ሥራ ሊቀር ነው። ሕጉ ይሻር እንዳይባል ከተማችን ቃሏን አታጥፍም። ስለዚህ ሕጉ ለወደቁት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለተረፉት ደግሞ ያመለጣቸው ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲታሰብላቸው ታዘዘ። ባለቤቴ በአንድ ከሰዓት ሃምሳ አምስት ዓመት አረጀ። ላመለጠው ልደት ሁሉ ዳቦ ተጋገረለት፤ ጎረቤት ሁሉ በልቶ አልጨረሰውም። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን መልሰው በማረፊያው ሥራ ጀመሩ፤ ጠንካሮች ናቸውና ሽማግሌ ከአልጋ ያነሳሉ፣ ገላ ያጥባሉ፣ በየደረጃው መያዣ ብረት ይተክላሉ። ከበሮ መቺው ግን አልተቀነሰም። አጥሚቱ ዛሬም በከበሮ ነው የሚመጣው፤ መቼም እኛ ነን።

ዶክተር ትርሲት ግራ ዓይኑን ክረምቱ ሳይወጣ ገፈፈችለት። ቀኙ ጠፋ፤ ለዚያ ማንንም ይቅር አላልኩም፣ አልልምም። ጨርቁ የተፈታ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ብርሃኑን ለመደና ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ዓመት በደንብ አላየኝም። ግንባሬን አየ፣ ጉንጬን አየ፣ ሽበቴን አየ፣ ሳይቸኩል።

"የውብዬ" አለኝ፣ "አርጅተሻል እኮ።"

"ምን ይደረግ፣ አንተን ስጠብቅ።"

"ያምርብሻል" አለና እጄን ያዘ።

ይህን ጊዜ ከውጭ ጩኸት ተነሣ። ተራ የሚጠብቁት ጀግኖች ናቸው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ማን ቀድሞ ይግባ ብለው በዕድሜ ይከራከራሉ። አንዱ ሰማንያ ነኝ ይላል፣ ሌላው ሰማንያ ሁለት፣ ሻምበል ጓንጉል ደግሞ ሁላችሁንም ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ ይላል። ይርዳው ከአልጋው ተነሣ፣ ዱላውን ይዞ መስኮቱ ድረስ ሄደ፣ አንገቱን አውጥቶ "ዝም በሉ!" አላቸው። "በዕድሜ የምበልጣችሁ እኔ ነኝ!"

ብርቄ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። አልሰማችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።